የኢሳያስ አልማዝ ባለጭራ

በሩ ሲንኳኳ ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። ከቀትር ወዲህ የመጣው ስንተኛው እንግዳ እንደሆነ መቁጠሩን ትታዋለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ተስፋሁን! ኢሳያስን ልጠይቅ ነው!»

ጋሽ ተስፋሁን የሟች አባቷ ወዳጅ ናቸው። ከመሬት አስተዳደር ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለቅሶና ጥየቃ አያመልጣቸውም። ትርንጎ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣችና ደፉ ላይ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ተስፋሁን። ተኝቷል እኮ።»

«ተኝቶም ቢሆን ዓይኑን አይቼ ልሂድ።»

«ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?»

«የምን ጉንፋን! ይቺ የብርድ ናት» አሉና አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረግ አድርገው ያንኑ እጃቸውን ሊጨብጧት ዘረጉላት።

እጁን አየችው። ጨበጠችው፤ ምን ታድርግ? እሳቸውን በስንት ልመና ከሸኘች በኋላ ወደ ጓሮ ዞራ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ፈተገች። ውስጥ ኢሳያስ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ፣ «አልተኛሁም እኮ!» ብሎ ከመኝታ ቤቱ ጮኸ።

«ዝም በል!»

ኢሳያስ ታናሽ ወንድሟ ነው። ቦንጋ ገበያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግን፣ ሳቂታ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። ቢመረመር መቅኔው ደም መሥራት አቁሟል ተባለ። ጅማ አሉት፣ አዲስ አበባ አሉት፣ በመጨረሻ ህንድ አገር ሄደ። ከእሱ ጋር የሚመሳሰል የደም ዘር ያላት ትርንጎ ሆና ተገኘች። ከእሷ ደም ስቴም ሴል የሚሉትን፣ ደም የሚወልደውን ዘር፣ ለይተው አወጡ፤ የእሱን መቅኔ በመድኃኒት ጠራርገው የእሷን ዘሩበት። በቀለም። ሐኪሞቹ ሲሸኟቸው ግን አስጠንቅቀዋታል፦ የወንድምሽ መከላከያ ገና እንደተወለደ ሕፃን ነው፤ ለሌላው ሰው ጉንፋን የሆነው ለእሱ የሳንባ ምች ሊሆንበት ይችላል፤ ሰው እንዳይበዛበት፣ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥ።

ይህን ለቦንጋ ሰው ማስረዳት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ኢሳያስ ከተማው በሙሉ የጸለየለት ልጅ ነው። ኦርቶዶክሱ ሱባኤ ገብቶለታል፣ ፕሮቴስታንቱ ጾሞለታል፤ ድኖ ሲመለስ ደግሞ ሁሉም የጸሎቱን መልስ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ጉንጩን ስሞ ማረጋገጥ ፈለገ። «የለመንነውን እንኳ አይተን እንመን እንጂ» ይሏታል። እሷ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ በአንድ ዓይን ገላምጣ ዝም ታሰኛለች። ደፏ ላይ ግን ለእያንዳንዱ እንግዳ ስለ ቫይረስ ስታስተምር ድምፅዋ ተዘጋ። ከዚህ ሁሉ ድካም ያተረፈችው ስም ብቻ ነው፦ «ኬላ»። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ፣ «ወዴት ነው?» ሲባሉ «ኬላዋ ቤት» እያሉ እንግዳ ያመጡላት ጀመር።

ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ደግሞ እስረኛው ራሱ አለ።

«ከሞት ተርፌ ወህኒ ቤት ገባሁ» ይላታል ኢሳያስ። ፀጉሩ እንደገና በቅሎ፣ ያውም ዱሮ ያልነበረ ጥቅልል ፀጉር፣ ፊቱ በመድኃኒቱ ምክንያት ክብ ሆኖ፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ይውላል። «ዮሲ ሱቁን ብቻውን ይዞታል» ይላል ስለ ሥራ ባልደረባው። «አንዲት ሰዓት ለምታህል ጊዜ ብሄድ ምን ይለኛል?»

«ሱቁ ጉድጓድ ያህላል። ሰው ይተነፍስብሃል።»

«ሰው ይተነፍሳላ! ምን ያድርግ?»

«እዚያው ይተንፍስ!»

እንዲህ ሲነታረኩ በሰነበቱበት ሰሞን ነው እንግዲህ እትዬ አሰለፈች ከቢታ ገነት የመጡት።

እትዬ አሰለፈች በር አያንኳኩም። የእናታቸው ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት ሁለቱንም ልጆች ቢታ ገነት ወስደው ያሳደጉ፣ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት። ትርንጎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አክስቷ ኢሳያስን እቅፍ አድርገው፣ አንገቱ ሥር ገብተው እያለቀሱ ደረሰች። አንድ ገንቦ ማር መሬት ላይ ተቀምጧል። አንዲት ዶሮ ደግሞ እግሯ ታስሮ ሶፋው ሥር ታሽካካለች።

«እትዬ! ኧረ በፈጣሪ! እጅዎን ታጥበዋል?»

እትዬ አሰለፈች ቀና አሉ። እንባቸው እዚያው ደረቀ።

«ምን አልሽኝ?»

«ለእሱ ብዬ ነው። ማስክ ሳያደርጉ…»

«በእነዚህ እጆቼ አጥቤዋለሁ፣ አጉርሼዋለሁ፤ ዛሬ ልነካው በሳሙና ልፈተግ? እኔ በሽታ ነኝ?»

«እትዬ፣ የመንገድ…»

«ከተማ ገብተሽ ሰው መጠየፍ ተማርሽ!» አሉና ወደ ካፊኖኖ ዞረው የቀረውን በዚያ ጨረሱት፤ በአማርኛ የማይወጣላቸውን ሲሳደቡ እንዲያ ናቸው። ኢሳያስ ትራስ ውስጥ ተደፍቶ ይስቃል። ትርንጎ ዶሮዋን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ እጇን የምትታጠብበት ሌላ ሰበብ አገኘች።

አክስቷ ታጠቡ፣ ግን ተቀየሙ። ተቀይመውም አልሄዱም፤ ሰነበቱ።

በሰነበቱባቸው ቀናት ኢሳያስን ቀኝ ጎኑን ያመው ጀመር። መጀመሪያ የተኛበት አለመመቸት መሰለው። ቀጥሎ ሸሚዝ ሲነካው እንደ ሳማ ይለበልበዋል። እትዬ አሰለፈች «ኩላሊት ነው» አሉ። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው ህይወት «ብርድ ነው፣ ጎኑን በስቶበት ነው» አለች። ትርንጎ የአዲስ አበባውን ሐኪም ስልክ ሞከረች፤ አንዴ ኔትወርክ የለም፣ አንዴ ስልኩ ይያዛል፣ አንዴ አንስተው «ሀሎ» ሲሉ ይቋረጣል። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልትወረውረው እጇን አንስታ፣ የሚጠግነው ሰው ራሱ መታመሙ ትዝ ብሏት ተወችው።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን ሲያወልቅ ከጀርባው ጀምሮ እስከ እምብርቱ ድረስ፣ በቀኝ ጎኑ ብቻ፣ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ቀይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍሬዎች ዘለላ ዘለላ ሠርተዋል።

እትዬ አሰለፈች ገና ሲያዩት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «አልማዝ ባለጭራ!»

«ሆስፒታል ልውሰደው» አለች ትርንጎ።

«እንዳታደርጊው! አልማዝ ባለጭራ መርፌ አይወድም። መርፌ የነካው ዕለት ወደ ውስጥ ይገባና ይገድላል። የአቶ እንትናን ልጅ እንደዚያ አይደል የገደሉት? ሺሺንዳ ላይ ቅጠል ቀጥቅጠው የሚቀቡ ሰው አሉ፤ በሳምንቱ ያደርቁታል።»

«እትዬ፣ የእሱ እንደ ሰው አልማዝ ባለጭራ አይደለም!»

«ታዲያ እንደ ምን ነው?»

ትርንጎ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ጠዋት ጠዋት በሚያስል ሰው ይሞላል፤ ወንድሟን እዚያ ወረፋ ላይ አታስቀምጥም። መጀመሪያ ሄዳ ሐኪም አነጋግራ፣ ባዶ ክፍል አስለቅቃ፣ ከዚያ ልትወስደው ወሰነች። «እስክመለስ ማንም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

ዶክተር ሰሚር ወጣት ሐኪም ነው። ነገሩን ስትነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው አክሜ አላውቅም» አላት በግልጽ። «ግን ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። በእነሱ ላይ ወደ ሳንባና ጉበት ሊሰራጭ ይችላል። አሁኑኑ ያምጡት። በጓሮ በኩል ይግቡ፤ ክፍል አዘጋጃለሁ።»

ትርንጎ በባጃጅ በረረች። ቤቱ ክፍት ነው። አልጋው ባዶ ነው። የኢሳያስ ነጠላ ጫማ የለም፣ የእትዬ አሰለፈች ጃንጥላም የለም። ጓሮ ዶሮዋ ብቻ ትጭራለች።

ህይወት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። «መናኸሪያ ሄዱ እኮ። እትዬ ‹ኬላዋ ሳትመጣ ቶሎ እንውጣ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ትርንጎ መናኸሪያው እንዴት እንደደረሰች ኋላ ስትጠየቅ አታስታውሰውም። ጭቃውን እየረገጠች፣ ከሚኒባስ ሚኒባስ አንገቷን እያሰገገች ስታይ፣ ረዳቱ «ሺሺንዳ፣ ሺሺንዳ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። በመስታወቱ ውስጥ የወንድሟን ጥቅልል ፀጉር አየች። መስኮት ጥግ ተቀምጧል፤ ማስኩ አገጩ ላይ ወርዷል። አጠገቡ እትዬ አሰለፈች፣ ከኋላው ደግሞ ደረታቸው እስኪሰነጠቅ የሚያስሉ አንድ ሽማግሌ አሉ።

«ውረድ!»

«ትርንጎ፣ እትዬ ይሻልሃል ካሉ…»

«ውረድ አልኩህ!»

«አታወርጂውም!» አሉ እትዬ አሰለፈች። «እስካሁን በሐኪሞችሽ ምን አተረፈ? ከቤት አትውጣ፣ ሰው አትንካ፣ ማር አትብላ! ይኸው ጎኑ ተቃጠለ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። አንዷ «ምኑን ነው?» ስትል ሌላው «አልማዝ ባለጭራ» አላት፤ ከዚያ ሚኒባሱ በሙሉ ሐኪም ሆነ። መርፌ አይወድም ያለው አለ፣ ወንድሜን ሺሺንዳ ነው ያዳኑት ያለው አለ፣ ቀለም ቀቡበት ያለም አልጠፋ። ረዳቱ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«እህት፣ አንድ ሰው ነው የቀረን። ትገቢያለሽ አትገቢም?»

ትርንጎ ደከማት። እግሯ ሳይሆን ሌላ ቦታ፣ ስሙን የማታውቀው ቦታ ደከማት። ገብታ የቀረችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ሞላ! ሂድ!» አለ ረዳቱ። በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።

መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ኢሳያስ ጎኑን ይዞ ጥርሱን ይነክሳል። ትርንጎ አላየችውም፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ያላትን፣ ሳንባና ጉበት ያለውን፣ በልቧ እያመላለሰች፣ ሽማግሌው በሳሉ ቁጥር ትከሻዋ ይሸማቀቃል። የከተማው ዳር ላይ ሲደርሱ መኪናው አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ዘለለና ኢሳያስ «እህ!» ብሎ ተጠቀለለ። ቀና ሲል እህቱ እንባዋን በመዳፏ ስትጠርግ በመስታወት አያት። እህቱ ህንድ አገር ያን ሁሉ መርፌ ስትወጋለት አላለቀሰችም ነበር።

«ወራጅ አለ!» አለ ኢሳያስ።

«ምን?» አሉ አክስቱ።

«ወራጅ አለ! ሾፌር፣ አቁምልን። ሆስፒታል ነው የምሄደው።»

እትዬ አሰለፈች እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ባጃጅ ውስጥ አጉረመረሙ። ግን ወረዱ፤ የኢሳያስንም እጅ አልለቀቁም።

ዶክተር ሰሚር በጓሮ በር ተቀብሎ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገባቸው። ሽፍታውን እያየ ቆየ። ከመቀነቱ ውጭ፣ ደረቱ ላይ፣ ለብቻቸው የወጡ ጥቂት ፍሬዎች ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«በልጅነቱ ጉድፍ ወጥቶበት ያውቃል?»

«ወጥቶበታል እንጂ!» አሉ እትዬ አሰለፈች፤ የሚያውቁት ነገር በመጠየቁ ደስ አላቸው። «አንደኛ ክፍል ሳለ። ገላው ሁሉ ውሃ ቋጥሮ፣ እጁን በጨርቅ አስሬ ነው እንዳያከው ያደረግሁት።»

«ያኔ ጉድፉ ዳነ እንጂ ቫይረሱ አልወጣም፣ እትዬ። ነርቭ ውስጥ ገብቶ ተኛ። በሁላችንም እንዲያ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ይጠብቀዋል። መከላከያው ሲደክም ይነሳል። ይህ አልማዝ ባለጭራ ያው የልጅነቱ ጉድፍ ነው።»

ትርንጎ ሐኪሙን አፍጥጣ አየችው። «ከውጭ የመጣ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንግዳ ያመጣው አይደለም? ከሰው አልያዘውም?»

«ይህኛው ከራሱ ነው። ሌሎቹ ግን አሉ፤ ጉንፋኑም ኢንፍሉዌንዛውም ከሰው ነው የሚመጣው፤ ያደረጉት ጥንቃቄ ትክክል ነው» አለና ወደ ኢሳያስ ዞረ። «ይህ እንዳይነሳ አስቀድሞ የሚሰጥ ኪኒን አለ፣ አሲክሎቪር የሚባል። ትወስዳለህ አይደል?»

«ይወስዳል!» አለች ትርንጎ። «ጠዋትና ማታ ሁሉንም በእጄ ነው የምሰጠው።»

ኢሳያስ የአልጋውን ልብስ ጫፍ ያፍተለትላል።

«ኢሳያስ?»

«ያንን… ነጩን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «እሱን ትቼዋለሁ።»

«ትቼዋለሁ ማለት?»

«ሌሎቹን እውጣለሁ። እሱን ግን ያቅለሸልሸኛል። ለቫይረስ ነው አላችሁኝ፤ እኔ ደግሞ ቫይረስ የለብኝም ብዬ… ስትዞሪ በመስኮት እጥለው ነበር።»

ከዚያ ትርንጎ ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም፤ እትዬ አሰለፈች እንኳ ደንግጠው ክንዷን ያዟት።

«እኔ በር ላይ ቆሜ የአባቴን ወዳጅ አሳዝናለሁ፣ ጎረቤት አስቀይማለሁ፣ ስሜ ኬላ ይባላል፤ ሌባው ግን ቤት ውስጥ ተኝቷል! ቁልፉን ደግሞ አንተ በመስኮት ትወረውራለህ! ያቅለሸልሸኛል አትለኝም ነበር? አፍ የለህም? ሐኪም አይለውጥልህም ነበር?»

«ብነግርሽ ትጮኺያለሽ።»

«አሁንስ ምን እያደረግሁ ነው?!»

ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች። ካፊያ ይጥላል። ሰው ሁሉ በዚህ አገር መድኃኒት አጥቶ ይሞታል፤ የእሷ ወንድም ግን ያለውን ለዶሮ በመስኮት ይበትናል። ረግማ፣ ደግሞ እርግማኑን ፈርታ «ይቅር በለኝ» ብላ አማትባ፣ ፊቷን ጠራርጋ ተመለሰች።

ስትገባ እትዬ አሰለፈች ከሐኪሙ ጋር ሙግት ላይ ናቸው።

«መርፌ አይወድም እልሃለሁ ልጄ!»

«ገብቶኛል እትዬ። መርፌው ቁስሉን አይነካውም፤ በክንዱ ደም ሥር በግሉኮስ ነው የሚገባው። ካልሰጠነው ግን ወደ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው።»

እትዬ አሰለፈች ኢሳያስን አዩት። «አንተ ምን ትላለህ?»

«ይስጡኝ» አለ ኢሳያስ።

ቀላል ግን አልሆነም። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ቦንጋ ውስጥ ተፈልጎ ታጣ። ዶክተር ሰሚር ለጊዜው ኪኒኑን አስጀመረውና ጅማ ላለ ጓደኛው ደወለ፤ መድኃኒቱ በማግስቱ በሚኒባስ ሾፌር እጅ እንዲላክ ተስማሙ። በማግስቱ ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቆመ። ትርንጎ መናኸሪያ ቆማ ሾፌሩ ጋ ስትደውል «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላታል፤ «መጣሁ» ያለበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ኢሳያስ ያን ዕለት ትኩሳቱ ወጥቶ ይቀባዥር ነበር። መድኃኒቱ ሲደርስ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይወርድ ከመስኮቱ ነጥቃው ሄደች፤ አመሰግናለሁ ማለቷን እርግጠኛ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ደረቱ ላይ አዲስ ፍሬ ወጣ፤ ቆየና መውጣቱ ቆመ። ትኩሳቱ ወረደ። ውሃ የቋጠሩት ጠቆሩ፣ ቅርፊት ሠሩ። ሐኪሙ ሳንባውን አዳምጦ «ነፃ ነው» ሲላቸው እትዬ አሰለፈች እልል አሉ፤ ነርሷ ዝም አሰኘቻቸው። በዚያው ዕለት እትዬ አሰለፈች ለህይወት በስልክ፣ «ማሩ ነው ያዳነው፤ በስውር አልሼዋለሁ» ሲሉ ትርንጎ በጆሮዋ ሰማች። የህንዶቹ ሐኪሞች ማር እንዳይበላ ከልክለውት ነበር። ግንባሯን ከግድግዳው ጋር አስደግፋ ቆመች።

ቤት ሲመለሱ የኪኒኑን ከረጢት ኢሳያስ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«እኔ ከእንግዲህ አልሰጥም። ራስህ ትውጠዋለህ። ካቅለሸለሸህ ለዶክተር ሰሚር ራስህ ትደውላለህ።»

«በሩስ?»

«በሩ የኔ ነው። ግን ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ያለበት፣ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ እንግዳ እፈቅዳለሁ።»

«ሱቁስ?»

«ኢሳያስ!»

ቁስሉ ደረቀ እንጂ ሕመሙ አልተወውም። ነርቩ ተጎድቷል፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል ብሏቸዋል ሐኪሙ። ሸሚዝ ሲነካው አሁንም ይሸሻል። አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ይዛው ከከተማው በላይ ባለው መንገድ ወጡ፤ ሰው የለም፣ ጫካው በጉም ተሸፍኖ ይንጠባጠባል። ማስኩን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሸሚዙን በሁለት ጣቱ ከጎኑ ሳብ አድርጎ ያዘው።

«ተቆጥተሽኛል?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«ገና አልወሰንኩም» አለችና ከጎኑ፣ ከግራው በኩል፣ ጎኑን እንዳትነካው ተጠንቅቃ ተቀመጠች። «ዛሬ ጠዋት ዋጥከው?»

«ዋጥኩት።»

«ነጩንም?»

«ኧረ ትርንጎ! ነጩንም!»